የፈረንጅ መጠጥ በገብስ አገር

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ሰው ከዋንጫው ይታወቅ ነበር። ጠላ የሁሉ ነው፤ ባላገሩም፣ ወታደሩም፣ ደብተራውም ይጠጣዋል። ጠጅ የንጉሡ ነው፤ ማር ስላለው ብቻ ማንም ተነሥቶ ጠጅ አይጥልም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቡና ደግሞ የሙስሊም ነው። ክርስቲያን ቡና ጠጣ ከተባለ ሃይማኖቱን አስነቀፈ ማለት ነው፤ ትምባሆም እንደዚሁ። ቡናው ግን ሩቅ አልነበረም። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ጥቂት ሰዓት ሲወርዱ አልዩ አምባ ይገኛል። የዐርብ ገበያ ውሎበት፣ አርጎባው፣ አፋሩና የሐረሩ ነጋዴ ጨውና ጥጥ ሲለዋወጥ፣ ጀበናው ከእሳት ላይ አይወርድም ነበር። የአንኮበር ሰው እዚያ ወርዶ አሞሌውን ገዝቶ፣ የቡናውን ሽታ ታግሦ ወደ ደጋው ይመለሳል።

ፈረንጆቹ ወደዚህ ሥርዓት የገቡት ከታች፣ በዚያው በአልዩ አምባ በር ነው። (ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1831 ሚስዮናውያኑ ኢሰንበርግና ክራፕፍ መጡ። በሐምሌ 1833 ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራና በአፋር በረሃ አድርጎ ደረሰ። ለንጉሡ ካመጣው ገጸ በረከት ዋናው 300 ጠመንጃ ነበር፤ የሙዚቃ ሣጥንም አብሮ ነበረበት። በኅዳር 1834 ከዛሬው ደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ ባለው አንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

የመብሉና የመጠጡ ነገር በዚያን ጊዜ የሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ማሩ፣ ሙክቱ፣ ጠጁ ከግቢ ይወጣለታል። እንግዳው ጥሬ ሥጋውን ፈርቶ ሊተው ይችላል፣ ድርጎውን ግን አልቀበልም ማለት ከንጉሡ ጋር መጣላት ነው። ስለዚህ ሃሪስና ሰዎቹ ሸዋ ላይ በቆዩበት ዘመን ጠጅ ጠጪ ሆኑ። ሃሪስ ኋላ ባሳተማቸው ሦስት ቅጾች ግብሩን፣ ብርሌውንና ብርንዶውን ግማሹን እየተደነቀ፣ ግማሹን እየተጸየፈ ጽፏል። ሣህለ ሥላሴ በበኩላቸው ከፈረንጅ የፈለጉት ጠመንጃ፣ መድኃኒትና የእጅ ጥበብ ነበር። መጠጥ ከነጭ ሰው ይገኛል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ ምን ጎድሎበት?

በዚያው ሰሞን የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ከሃሪስ ይልቅ ለወጥ ቤት የቀረበ ሰው ነበር። አልዩ አምባ ተቀምጦ የወጥ አሠራሩንና የጠላ አጠማመቁን ሳይቀር ጠጋ ብሎ ተመልክቷል። ኋላ የሚመጣው ሁሉ በጠላ ላይ የተገነባ ስለሆነ እኔም እዚሁ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገብስ ተነክሮ ይበቅላል፣ ደርቆ ይፈጫል፤ ይህ ብቅሉ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይገባል፤ ከተቆላ ገብስ የተዘጋጀው ይጨመርበታል፤ ድፍድፉ ሰንብቶ ውኃ ሲሞላበት ይከደናል። ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀዳው ጉሽ ነው፤ ቀጥሎ የጠለለው ይመጣል፤ በመጨረሻ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ ቅራሪው ለልጆችና ለሥራ ሰው ይተርፋል። የጀርመን ወይም የቤልጅግ ቢራ ጠማቂ ይህን ቢያይ ብዙ አይደነቅም። እሱም ገብሱን አብቅሎ፣ የብቅሉን ስኳር በእርሾ ወደ አልኮል ይለውጣል፤ መራራነቱን ከጌሾ ፈንታ ሆፕስ ከሚባለው ተክል ያገኛል። የሚለየው ጠላ በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል፣ ቢራ ግን በጠርሙስ ታሽጎ ወራት ይቆያል። ሸዋ ላይ ይህ አንድ ልዩነት ኋላ ብዙ ነገር አመጣ።

ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዐረፉ። በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፣ ሕፃኑን ምኒልክንም ወደ መቅደላ ወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ማብቂያ ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ሲገቡ የፈረንጅ በር እንደገና ተከፈተ። የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እየተመሩ በ1869 መጡ። ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለው ቦታ ተሰጣቸው፤ አንቲኖሪ በ1874 ነሐሴ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ደረሰ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሄደዋል ተባለና ተከትሏቸው ወጣ። ይህ ሁሉ ፈረንጅ በዚያ ገደል አፋፍ ሲመላለስ ለአንኮበር ገበሬ ገበታ ያተረፈለት አንድም ነገር አላገኘሁም።

የጠጪውን ልማድ የለወጠው ትልቁ ነገር የመጣው ከአውሮፓ ሳይሆን ከዚያው ከአልዩ አምባ ቁልቁለት ነበር፤ ቡና ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከእስክንድርያ አራት ጳጳሳት ሲመጡ ከመካከላቸው አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ ደረሱ። ግብፃዊ ናቸው፤ ቡና በአገራቸው የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው፤ ጳጳስ ቡና ቢጠጣ ማንም ነውር አይለውም። ምኒልክም ራሳቸው ይጠጡ ነበር። ንጉሡ ከጠጡና ጳጳሱ ካልከለከሉ ካህኑ ምን ብሎ ይገዝታል? ለትውልዶች የቆመው አጥር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ፈረሰ። ቡና ጠጥቶ ቢገኝ ከማኅበር ይለይ የነበረ ሰው የልጅ ልጁ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጎረቤት ይጠራል፤ ረከቦቱ፣ ቄጤማውና ዕጣኑ ጭምር የጥንት ክርስቲያን ሥርዓት ይመስለዋል። ባዕድ ልማድ ሥር ሰደደ የሚባለው ባዕድነቱ ሲረሳ ከሆነ፣ በሰሜን ሸዋ ታሪክ ቡናን የሚያህል የለም።

የሚታየኝ ነገር እንዲህ ነው። ወደዚህ አገር የገባ መብልና መጠጥ ሁሉ በሁለት በር መፈተሽ ነበረበት፤ አንዱ ጾም ነው፣ ሁለተኛው ድግስ። ከጾም ጋር የሚጣላ በዓመቱ እኩሌታ ቀን ከገበታ ይወርዳል። ድግስ ላይ የማይቀርብ ደግሞ በሰው ፊት አይከበርም። ቡና የጾሙን በር በቀላሉ አለፈ፤ ቅባት የለበትም፣ በጾም ቀን እንዲያውም ያበረታል። የእንግዳ ማክበሪያ በሆነ ጊዜ ሁለተኛውንም አለፈ።

ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ሲሄድ የፈረንጁ ነገር ሁሉ ተከትሎ ሄደ። እቴጌ ሆቴል በ1900 ገደማ ተከፍቶ የፈረንጅ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ጀመረ። በ1909 ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ የአልዩ አምባ የግመል መንገድ ተመናመነ፣ ዋና ከተማነቱን አስቀድሞ ያጣው አንኮበርም የገጠር ከተማ ሆኖ ቀረ። በ1915 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። ቢራው በመጀመሪያ የፈረንጁ፣ የግሪኩና የአርመኑ፣ የመኳንንቱ ልጅም መጠጥ ነበር። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም በዚያን ጊዜ በበቅሎ የቀናት መንገድ ነበር፤ ጠርሙሱ ቢመጣ እንኳ ዋጋው ከአንድ ጋን ጠላ ይበልጥ ነበርና የሚያስጎመጅ አልነበረም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ወረራው የሩቅ ወሬ አልነበረም። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በዚህ ተራራ ላይ ነው የተዋጉት፤ በሚያዝያ 1931 መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ በመርዝ ጭስና በጥይት አልቋል። በዚሁ ዘመን ጣልያን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚሄደውን አስፋልት ዘረጋ። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ተራራውን ቀዶ አወጣ። መንገዱ ቀረልን፤ መንገዱ ላይ የሚሄደው የጭነት መኪናም ቀረ፤ ሹፌሩም ራበው። ፓስታ ወደ ሰሜን ሸዋ የገባው በሠራዊቱ ሳይሆን በሹፌሩ ሆድ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከነጻነት በኋላ ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና ዋና መንገድ ዳር የተከፈቱት ምግብ ቤቶች ፓስታ በስጎ መሥራት ለመዱ፤ ጥቂት ቆይቶ እንጀራ አብሮ መጣ፣ በርበሬውም ስጎው ውስጥ ገባ። ፓስታ በእንጀራ ለጣልያን ቢነግሩት ዕብደት ነው፤ ለእኛ ግን ረቡዕና ዐርብ ይበላል። ደረቁ ፓስታ ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፤ በዘይትና በቲማቲም ከተሠራ ሙሉ የጾም ምግብ ነው። ፎርማጆው፣ የጣልያኑ አይብ፣ ከትልልቅ ሆቴሎች ያልወጣው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ የጾሙን በር አላለፈም። ጣልያኑን በጠመንጃ ያባረረው አርበኛ የልጅ ልጆቹ ፓስታ ሲበሉ ቢያይ ምን ይል ይሆን እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሜሪካኖቹ በ1955 መባቻ መጡ። የሰላም ጓድ የሚባሉት ወጣት አስተማሪዎች በክፍለ ሀገር ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበታተኑ፤ ለደብረ ብርሃንም ደረሷት። ታሪኩ እንደ ሃሪስ ዘመን ተደገመ፤ እንግዳው ነበር የባለቤቱን ገበታ የለመደው። በእጅ መብላቱን፣ ጉርሻውን፣ በርበሬውን ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1958 ገደማ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1970 ገደማ ዋሽንግተን ላይ ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት ሲከፈት፣ ከደርግ የሸሸው ኢትዮጵያዊም በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1972 በር ሲያገኝ፣ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሠፈር በእንጀራ ሽታ ታወቀ። በ1994 ሎስ አንጀለስ ከጎዳናዎቿ አንዱን ክፍል ትንሿ ኢትዮጵያ ብላ ሰየመች። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ተዘርቶ ታጨደ። ዛሬ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ትሪ ከቦ ቀይ ወጥ ሲጠቀልል ማየት በብዙ ከተማ አያስደንቅም።

ልብ በሉ፤ አሜሪካዊው የባዕድን ምግብ የሚቀበለው በምግብ ቤት በር ነው። ቅዳሜ ማታ ከፍሎ ይበላል፣ ወደደው ማለት ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ እናቱን ለመቅበር ወይም ልጁን ለመዳር ዶሮ ወጥ መሥራት አይጠበቅበትም። ሸዋ ላይ ግን ሠርግና ተዝካር ያልደረሰ መጠጥ ገና እንግዳ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ጠጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአሜሪካ የወይን ጠጅ መደርደሪያ ላይ ቦታ ሲያገኝ ጠላ የቀረው። ጠላ የሚሸጥ ዕቃ ከመሆኑ በፊት የቤት ሥራ ነው፤ ሳምንት አይጠብቅም፤ ጎረቤት ይፈልጋል።

እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ቢራ እንደ ቡናው ባንድ ጊዜ አላጥለቀለቀም። በ1967 ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ ጊዮርጊስና ሜታ ቢራ የመንግሥት ሆኑ። ቢራ የሆቴልና የደመወዝተኛ መጠጥ ሆኖ ቆየ። የከተማዋ ስም የሚነሣው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በአረቄዋ ነበር። የደብረ ብርሃን አረቄ እስከ አዲስ አበባ ይፈለጋል። ድፍድፉ ከብቅልና ከጌሾ ተዘጋጅቶ ሲደርስ በእሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በቱቦ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሄዶ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል፤ ሁለተኛ ከተጣራ ዳግም ይባላል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ውርጭ ጤፉን በሚመታበት አገር፣ ለብርድ የሚጠጡት ነገር ከገብስ መውጣቱ አይገርምም። ሥራው የሴቶች ነው፤ ጭሱን የምትውጠውም፣ ልጆቿን በሱ የምታስተምረውም እናት ናት።

ለውጡ የመጣው ከ1990 ወዲህ ነው። ጊዮርጊስ ለፈረንሳዩ ካስቴል ድርጅት ተሸጠ። በ2003 ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ገዛ፤ በ2004 ዲያጂዮ ሜታን፣ የእንግሊዙ ዱዬት ደግሞ የዳሸን ቢራን ድርሻ ያዙ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከ8,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን የገዙበት ሐበሻ ቢራ ተመሥርቶ ነበር፤ የሆላንዱ ባቫሪያ ገባበትና ፋብሪካው ደብረ ብርሃን ላይ ተተክሎ በ2007 ቢራው ገበያ ወጣ። በዚያው ዘመን ዳሸን ከጎንደሩ ሌላ ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚሁ ደብረ ብርሃን ከፈተ፤ በዓመት 2 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የመጥመቅ አቅም ያለው ነው። ለምን ደብረ ብርሃን? ውኃ አለ፣ ቅዝቃዜ አለ፣ ጣልያን የዘረጋው መንገድ አለ፣ አዲስ አበባ በግማሽ ቀን ትደረሳለች፤ ከሁሉ በላይ ዙሪያው ገብስ ነው።

ስሞቹን ተመልከቱ፤ ሐበሻ፣ ዳሸን፣ ባላገሩ፣ ዋልያ፣ ጊዮርጊስ። የፈረንጅ ገንዘብና የፈረንጅ እርሾ ያለበት መጠጥ ሆኖ ሳለ ከእነዚህ አንዱም የፈረንጅ ስም አልያዘም። ነጋዴው ከሃሪስ የተሻለ ያወቀው ይህን ነው። ቢራ የጾሙን በር ማለፍ አላስቸገረውም፤ እንደ ጠላው ከገብስ የመጣ ነው። የድግሱን በር ግን በጠርሙስ ጥቅሙ አንኳኳ። ሠርግ ሲደገስ ጠላ ለመጥመቅ ጌሾው፣ እንጨቱ፣ ጋኑ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድረው ጉልበት ያስፈልጋል፤ ቢራ ግን በሣጥን ታዝዞ በጋሪ ወይም በባጃጅ ይደርሳል፣ የተረፈው ሳይከፈት ይመለሳል። ከተማ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሥራ የሚውል ቤተሰብ ምን ይመርጣል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሣጥኑ ድንኳን ገባ። በመጀመሪያ ለክብር እንግዶች ጥግ ላይ ተደረደረ፤ ቀጥሎ ስንት ሣጥን ቀረበ ብሎ ሠርጉን መለካት መጣ። ከጠጅ ፈቃድ ወደ ቢራ ሣጥን፣ ክብር መለኪያውን ቢለውጥም መለካቱን አልተወም። ግሮሰሪ የሚባለው ባለ ጠርሙስ ቤት በየመንገዱ በዛ፤ ጃንቦው ተደፋ፤ ቆርኪ ሥር ሽልማት የሚፈልግ ጎረምሳም በዛ። በ2011 የምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከመንገድ ዳር ሰሌዳም አስወገደ። ያን ጊዜ ግን ሰሌዳው ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ጠላ ቤቱ ጠፋ ማለት አይደለም። እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተሰቀለበት በር አሁንም አለ፤ ዋጋው ከቢራ ስለሚረክስ ቀን ሠራተኛው እዚያ ያርፋል። ቢራውን መስሎ ጠርቶ የሚቀዳ ጠላም መጥቷል፤ ፊልተር ይሉታል። ማን ከማን እንደ ተማረ ለመለየት ያስቸግራል።

የቢራው ባዕድነት የቀረው በብቅሉ ላይ ነበር። ገብስ በሞላበት አገር ፋብሪካዎቹ ብቅላቸውን በብዛት ከአውሮፓ ያስመጡ ነበር፤ የአገሩ ብቅል አቅራቢ ፋብሪካ አልበቃቸውም፣ የገበሬው ገብስም ፍሬው የተደባለቀ፣ አበቃቀሉ ያልተስተካከለ ሆነባቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤልጅጉ ቦርትማልት በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የብቅል ፋብሪካ ተከለ፤ አቅሙ በዓመት 60,000 ቶን ነው። በባሶና ወራና፣ በአንጎለላና ጠራ የሚያርሰው ገበሬ አሁን በውል ዘር ይወስዳል፤ የመጥመቂያ ገብስ ዘርቶ ያስረክባል። ፋብሪካው የሚፈልገው ፍሬው የወፈረ፣ ባንድነት የሚበቅል፣ ፕሮቲኑ ያልበዛ ገብስ ነው፤ ፕሮቲን ከበዛ ቢራው ይደፈርሳል፣ ከብቅሉ የሚገኘው ስኳርም ያንሳል። ማዳበሪያ ያበዛ ወይም ዝናብ ያጠረበት ገበሬ ምርቱ ሲመዘንና ሲመረመር ይመለስበታል። ገበሬው የተመለሰውን ጭኖ ቅዳሜ ገበያ ያወጣዋል፤ እዚያ ጠላ ጠማቂዋና አረቄ አውጪዋ ዋጋ ተከራክረው፣ ፕሮቲኑን ሳይጠይቁ፣ በጥሩ ብር ይገዙታል።